ኮረቱ ስንቁን ሲጨርስ፦ አፈር አልባ ማብቀያና የጌጥ አበቦች

በዛሬው የአበባና የአትክልት ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሣው፣ ከኮረት የሚበቅሉ የጌጥ አበቦች ያለ አፈር ሲተከሉ የተተከሉበት ነገር በእድገታቸው ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ኮረት ስንል ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መሬት ውስጥ የሚሠሩትን ዓይነት ራስ ማለታችን ነው። ሊሊ፣ ቱሊፕ፣ አማሪሊስና ሃያሲንት የሚበቅሉት ከእንዲህ ያለ ራስ ነው። የግላዲዮለስ ራስ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ባለሙያዎች ኮርም ይሉታል፤ እኛ ግን ዛሬ ከሌሎቹ ጋር አብረን እናየዋለን። አፈር አልባ ማብቀያ የምንለው ደግሞ ኮኮፒት፣ ፒት፣ ፐርላይት፣ ፑሚስ፣ ሬድ አሽ፣ የሩዝ ገለባ፣ አንዳንዴም ውሃ ብቻውን ነው።

በአውሮፓ አንድ የቆየ ልማድ አለ። አንገቱ ጠበብ ያለ የመስታወት ዕቃ ውሃ ይሞላና የሃያሲንት ኮረት አፉ ላይ ይቀመጣል። ኮረቱ ውሃውን አይነካም፤ ወደ ውሃው የሚወርደው ሥሩ ብቻ ነው። አስቀድሞ በቂ ቅዝቃዜ ያገኘ ኮረት ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ቤቱን በመዓዛ የሚሞላ አበባ ያወጣል። አፈር አላየም፣ ማዳበሪያ አልቀመሰም። ይህን የተመለከተ ሰው «እንግዲያውስ ኮረት የትም ቢተከል ግድ የለውም» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ኮረት ስንቁን ይዞ የሚነሣ መንገደኛ ነው። ባለፈው ወቅት ቅጠሎቹ በፀሐይ ኃይል የሠሩት ምግብ በስታርች መልክ ሥጋው ውስጥ ተከማችቷል። በቱሊፕና በሃያሲንትማ የአበባው እምቡጥ ሳይቀር ኮረቱ ገና መጋዘን ውስጥ ሳለ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አበባ በአብዛኛው የስንቁ ውጤት ነው። ማብቀያው የሚፈተነው ስንቁ ሲያልቅ፣ አበባው ረግፎ ቅጠሉ ብቻውን ሲቀርና ከሥር ቀጣዩ ኮረት ሲሠራ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁለት ዓይነት ማብቀያ አነጻጽሮ አበባው እኩል ስለወጣ «ልዩነት የላቸውም» ብሎ የሚደመድም አምራች፣ የለካው ያምና ቅጠል የሠራውን ሥራ ነው። የዘንድሮውን ማብቀያ ለመመዘን ወቅቱ ሲያልቅ የሚነቀለውን ኮረት ሚዛን ላይ ማውጣት ያስፈልጋል።

ቱሊፕን እንውሰድ። ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1593 ወደ ሌይደን መጥቶ በዩኒቨርሲቲው የአትክልት ሥፍራ የቱሊፕ ኮረት ተከለ። ከዚያ በኋላ የኔዘርላንድ የኮረት እርሻ ስሙን ያገነነው ከባሕሩ ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታዎች ጀርባ ባለው ምድር ነው። አሸዋው አየር ያስገባል፣ ውሃ አያቁርም፣ ኮረቱም ሲነቀል ጭቃ ሳይለጠፍበት ይወጣል። ገበሬዎቹ የከርሰ ምድሩን ውሃ በቦይ እየተቆጣጠሩ ከመሬቱ ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ከታች የማይቋረጥ እርጥበት፣ በኮረቱ ዙሪያ ደግሞ አየር ማለት ነው። አፈር አልባ ማብቀያ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊያገኘው የሚጥረው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ለገበያ ከሚቆረጠው የኔዘርላንድ ቱሊፕ ብዙው የሚደርሰው ውሃ ላይ ነው። ኮረቱ የፕላስቲክ ሹሎች ባሉት ሳጥን ላይ ይሰካና ሥሩን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይዘረጋል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ አበባውም ቶሎ ይደርሳል። ኮረቱ ግን ካበበ በኋላ ይጣላል፤ ስንቁን አሟጥጧል፣ የሚተካበት ጊዜም አልተሰጠውም። አበባ ብቻ ለሚፈልግ ነጋዴ ይህ ያዋጣል። በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ኮረት አበባ ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም።

ከዚህ የውሃ አሠራር ውስጥ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ኮረቱ ስኳሩን ወደ አበባው መላክ ይችላል። ካልሲየምን ግን ካከማቸበት አንሥቶ ወደሚያድገው አገዳ ማሻገር አይሆንለትም ለማለት ይቻላል። አገዳው ካልሲየም የሚያገኘው ሥሩ አሁን ከሚስበው ውሃ ነው። ውሃው ካልሲየም ከሌለው፣ አበባው ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው አገዳው አንድ ቦታ ላይ ውሃ የቋጠረ መስሎ ይለሰልስና እጥፍ ይላል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ውሃው ውስጥ ካልሲየም ናይትሬት የሚጨምሩት። በሊሊም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ ካልሲየም ሲያንስ እምቡጡ አጠገብ ያሉት የላይኛው ቅጠሎች ይቃጠላሉ። እንግዲህ ስንቅ ሙሉ ነው በሚባልበት ጊዜ እንኳ ሥሩ ከማብቀያው ሊያገኘው የግድ የሚሆን ነገር አለ።

ወደ ግላዲዮለስ እንምጣ። ቱሊፕ ለወራት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ካላገኘ በወጉ አያብብም፤ ግላዲዮለስ ይህ ግዴታ ስለሌለበት ለእኛ አገር የሚቀርበው እሱ ነው። በአውሮፓ የኮረት መደብሮች «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ የሚሸጥም አለ። ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው፣ ማታ ማታ መዓዛው ይበረታል፤ የትውልድ ምድሩም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። እኛ ከሩቅ አገር የመጣ ጌጥ የሚመስለን የአበባ ዘር ዘመዶቹ በራሳችን ተራሮች ላይ ክረምት ጠብቀው ያብባሉ ማለት ነው።

የተከላችሁት የግላዲዮለስ ኮርም ያንን አንድ ወቅት አገልግሎ ይጨማደዳል። በላዩ ላይ አዲስ ኮርም ይሠራል፤ ዙሪያውንም ጥቃቅን ልጆች ያወጣል። አሮጌው ኮርም ቀጫጭን ሥሮች አሉት፤ አዲሱ ደግሞ ከግርጌው ወፈር ወፈር ያሉ ሥሮችን ያወጣል። እነዚህ ወፍራም ሥሮች ከወረዱ በኋላ ይኮማተሩና አዲሱን ኮርም ወደ ጥልቁ ይስቡታል። ማብቀያው የተጠቀጠቀና ጠጣር ከሆነ ይህን ማድረግ ይቸግራቸዋል፤ ኮርሙ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ረጅሙ የአበባ አገዳም ነፋስ ሲያገኘው ይወድቃል። ማብቀያው ሲበዛ የላላና ቀላል ከሆነ ደግሞ አገዳውን የሚይዝ ክብደት ያጣል። ለግላዲዮለስ ኮኮፒት ብቻውን እንዲሆን የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ከበድ ያለ ነገር ይቀላቀልበት።

አማሪሊስ ጠባዩ ሌላ ነው። ኮረቱ በየዓመቱ አይተካም፤ ያው ራሱ እየወፈረ ይኖራል። ውስጡ የሚሠራበት ሥርዓት በጣም ደስ የሚል ነው፤ በተለመደው አካሄድ አራት ቅጠል ይሠራና አንድ የአበባ እምቡጥ ያስቀምጣል፣ እንደገና አራት ቅጠል፣ እንደገና አንድ እምቡጥ። እምቡጡ ከመውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት እዚያ ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ሥሩ በስብሶ ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጣ አማሪሊስ የሚመጣውን ዓመት አበባ ዛሬ እያጣ ነው። ብዙ ሰዎች «አማሪሊሴ አንዴ አብቦ ዝም አለ» ሲሉ ትሰማላችሁ። የመጀመሪያውን አበባ ያወጣው ኮረቱን ያሳደገው እርሻ ነው፤ ዝምታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውሃ ካቆረው የመትከያ ዕቃ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝግጅታችን ቀጥሏል። እስካሁን ሥር፣ ሥር ስንል ቆየን። ሥር ምን ይፈልጋል? ውሃ የሚለውን ሁሉም ይመልሳል። አየር የሚለውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ካጣ ውሃ እየተከበበም መጠጣት ያቅተዋል። ኮረት ደግሞ ከሌላው ተክል የበለጠ ለዚህ ይጋለጣል፤ ሥጋው እርጥብና ስኳራማ ነው፣ አየር ባጣ እርጥብ ቦታ ባክቴሪያና ሻጋታ ቶሎ ያበሰብሱታል።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ የማስረዳው አንድ የፊዚክስ ጉዳይ አለ። በዕቃ ውስጥ ያለ ማብቀያ ጠጥቶ ጠጥቶ ትርፉን ካፈሰሰ በኋላ ከታች በኩል ውሃ እንደጠገበ የሚቀር ንብርብር ይኖረዋል። የዚህ ንብርብር ከፍታ የሚወሰነው በማብቀያው ቅንጣት መጠን ነው፤ ቅንጣቱ ሲደቅ ንብርብሩ ከፍ ይላል፣ ሲሻክር ዝቅ ይላል። የዕቃው ቁመት አይለውጠውም። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ማብቀያ ጥልቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ለኮረቱ ሲመቸው፣ ዝቅ ባለ ሳህን መሰል ዕቃ ውስጥ ግን ኮረቱን ረግረግ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዕቃው ሥር ጠጠር መደርደርም ችግሩን አያቃልልም። ውሃ ከደቃቅ ማብቀያ ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጥና ይባስ ብሎ ወደ ኮረቱ ይጠጋል። ጠጠሩን ከሥር ከመደርደር ይልቅ ከማብቀያው ጋር ቀላቅሉት። የጓሮ ዋልካ አፈርን በዕቃ ሞልቶ ኮረት መትከልም የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። መሬት ላይ ከሥሩ ብዙ ሜትር አፈር ስላለ ውሃው ወደ ታች ይሳባል፤ ዕቃ ውስጥ ግን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ይሆናል።

የማብቀያችሁን አየር ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። ብዕርና ወረቀት ያላችሁ ጻፉት። ሁለት ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ አናቱን ቆርጣችሁ ጣሉ። ከታች በኩል ጥቂት ቀዳዳዎች ብሱና ውሃ በማያሳልፍ ፕላስተር ድፈኗቸው። 1 ሊትር ውሃ ለክታችሁ ጨምሩና የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ውሃውን ድፉት። አሁን ረጠብ ያለ ማብቀያ እስከ ምልክቱ ሙሉ፤ ጠቅጥቃችሁ አትጫኑት። ከዚያ የማብቀያው ገጽ ላይ ውሃ ብልጭ እስኪል ቀስ እያላችሁ አጠጡት፣ ጥቂትም ተዉት። በመጨረሻ ፕላስተሩን አንሡና የሚፈስሰውን ውሃ ተቀብላችሁ ለኩ። የወጣው ውሃ ቦታው በአየር ተተክቷል። ከ1 ሊትሩ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ከወጣ ማብቀያችሁ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ አየር አለው፤ ለአብዛኞቹ ኮረቶች መልካም ነው። ከ100 በታች ከሆነ ሻካራ ነገር ጨምሩበት። ከ300 በላይ ከወጣ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ ጠዋት ማታ የማጠጣት ግዴታ ውስጥ ትገባላችሁ።

አሁን ስለ ማብቀያዎቹ በየስማቸው። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሬድ አሽን ነው። በቢሾፍቱ አካባቢና በስምጥ ሸለቆው የሚቆፈረው፣ ለመንገድና ለብሎኬት የምንጠቀምበት ቀይ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በእስራኤል ከጎላን ኮረብታዎች የሚወጣ ተመሳሳይ ድንጋይ «ቱፍ» እየተባለ ለረጅም ዘመን የአበባ ማብቀያ ሆኖ አገልግሏል፤ በእኛም አገር ጽጌረዳ በሬድ አሽ ላይ የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ። አይበሰብስም፣ አይጠቀጠቅም፣ አየሩ አይጠፋም፣ ረጅም አገዳም አቅፎ ይይዛል። በእኔ አመለካከት ለኢትዮጵያ ኮረት አብቃይ ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ማንኛውም ነገር ይልቅ ይህ ድንጋይ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ጉድለቱ ምግብ ይዞ የማቆየት አቅሙ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ደቃቁን ዱቄት በወንፊት ለይታችሁ አውጡና በውሃ እጠቡት፤ ዱቄቱ ከቀረ ከሥር ተቀምጦ ጭቃ ይሠራል።

ኮኮፒት የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሕንድና ከስሪላንካ ተጨምቆ ይመጣል። ውሃ በደንብ ይይዛል፣ አየርም ይተዋል። ነገር ግን ሶዲየምና ፖታሲየም አዝሎ የሚመጣ ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ካልሲየምን ለራሱ አጣብቆ ይይዛል። ቱሊፕና ሊሊ በካልሲየም እጦት እንዴት እንደሚጎዱ ቅድም ሰምታችኋል። ስለዚህ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ካልሲየም ናይትሬት ካገኛችሁ በሟሟው ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና እንደገና አለቅልቁት። ያልታጠበ ኮኮፒት ላይ የተተከለ ሊሊ ሥሩ ጫፍ ጫፉ ቡኒ ሆኖ ይቀራል።

ፒት በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የተክል ቅሪት ነው። የሊሊ ኮረት ከውጭ ሲገባ ሣጥኑ ውስጥ የሚታቀፍበት እርጥብ ቡናማ ነገር እሱ ነው። ጠባዩ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ይፈልጋል፣ አንዴ ድርቅ ካለ ደግሞ ውሃ አልቀበልም ይላል። የተፈጥሮ ረግረጉ መልሶ የሚሞላው በዓመት በሚሊ ሜትር ስለሆነ ልንተማመንበት የሚገባ ነገር አይደለም።

ሰጋቱራና የቡና ገለፈት ርካሽ ናቸው፤ ጥሬአቸውን ግን አትጠቀሙ። ጥሬ ሰጋቱራን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከተክሉ ቀድመው ይወስዱታል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ኮምፖስት ካደረጋችኋቸው በኋላ ግን ጥሩ ድርሻ አላቸው። የፎገራ የሩዝ ገለባ አየር ለመስጠት ጠቃሚ ነው፤ የቀሩ ሩዞች እንዳይበቅሉበት በፈላ ውሃ ይነከር።

ፐርላይትን ለብቻው ያስቀረሁት ምክንያት ስላለኝ ነው። ነጭ፣ ቀላል፣ አየር የሞላው ማብቀያ ነው፣ በመላው ዓለም ይወደዳል። ነገር ግን ጥቂት ፍሎራይድ ይለቅቃል። ግላዲዮለስ፣ ፍሪዚያና ሊሊ ደግሞ ለፍሎራይድ በጣም ስሱ ናቸው፤ የቅጠላቸው ጫፍ ይቃጠላል። የተቆረጠ ግላዲዮለስ በሊትር 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ ባለበት የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ውስጥ እንኳ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ካሉ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ ጣሪያ በላይ ናቸው። በዝዋይ፣ በቆቃ፣ በሐዋሳ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮች፣ የግላዲዮለሳችሁ ቅጠል ጫፍ በየጊዜው እየደረቀ «ውሃ አነሰው» ብላችሁ ከዚያው ጉድጓድ ውሃ እየጨመራችሁ ከሆነ፣ ጉዳቱን የምታባብሱት እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ። የጣሪያ ዝናብ ውሃ አጠራቅሙለት፤ ፐርላይትና ሱፐርፎስፌት ማዳበሪያ አታቅርቡለት፤ የማብቀያው ፒ ኤች ከ6 እስከ 6.5 ሆኖ በቂ ካልሲየም ካገኘ ፍሎራይዱ ወደ ተክሉ የሚገባው ይቀንሳል።

ሊሊን በሚመለከት ጥልቀትን አደራ። ሊሊ ከኮረቱ ግርጌ ብቻ ሳይሆን ከኮረቱ በላይ ካለው አገዳም ሥር ያወጣል፤ ከተተከለ ከሳምንታት በኋላ ዋነኛው መጋቢ ይህ የአገዳ ሥር ነው። ስለዚህ ከኮረቱ አናት በላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ማብቀያ ይኑር። እነዚህ ሥሮች እስኪወጡ ማብቀያው ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቀዝ ቢል ይመርጣሉ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ዕቃ ፀሐይ ላይ ማቆም ሥሩን ገና ከጅምሩ ያቃጥለዋል። አማሪሊስ በተቃራኒው የኮረቱ አናት ከማብቀያው በላይ ብቅ ብሎ ይተከል።

በሽታን በተመለከተ፣ አዲስ አፈር አልባ ማብቀያ ትልቁ ጥቅሙ ፉሳሪየምን የመሰለ የአፈር ሻጋታ ይዞ አለመምጣቱ ነው። ይሁን እንጂ ሻጋታው በኮረቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። በፉሳሪየም የተያዘ የቱሊፕ ኮረት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ አንድ የታመመ ኮረት አጠገቡ ያሉትን የጤነኞቹን እምቡጥ ያደርቃል። ከመትከላችሁ በፊት እያንዳንዱን ኮረት በእጃችሁ ጫን አድርጉት፤ የሚለሰልስና የሚሸት አይተከል።

ለግላዲዮለስ የምመክረው ቅልቅል ሁለት እጅ የታጠበ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ የታጠበ ኮኮፒት፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ለአማሪሊስ የሬድ አሹን ድርሻ ሦስት እጅ አድርሱት። ቡቃያው እስኪታይ ማዳበሪያ አያስፈልግም፤ ጨው ጨቅላውን ሥር ይጎዳል። ቅጠል ከተዘረጋ በኋላ ግን በውሃ የቀጠነ ማዳበሪያ በየሳምንቱ ስጡ። ዩሪያ በደረቁ አትነስንሱ፤ እንዲህ ያለ ማብቀያ የሚያለዝበው አፈር ስለሌለው ሥር ይቃጠላል። አበባው ከረገፈ በኋላ ማጠጣትና መመገብ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ኮርሙ የሚሞላው በእነዚያ ሳምንታት ነውና ቅጠሉ ራሱ ቢጫ እስኪሆን አትቁረጡት፤ አበባውን ስትቆርጡም ቢያንስ አራት ቅጠል ተዉለት።

ቅጠሉ ሲደርቅ ኮርሙን አውጡ፣ በጥላ አድርቁ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ስትተክሉ ከነበረው ክብደት ጋር አስተያዩት። አዲሱ ከአሮጌው ከቀለለ ከአበባው ውበት አትነሡ፤ ሥሩን ፈትሹ። ሬድ አሹን አጥባችሁ፣ አርጥባችሁ በግልጽ ላስቲክ ሸፍናችሁ በበጋ ፀሐይ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ካሰነበታችሁት ለሚቀጥለው ተከላ ያገለግላል። ኮኮፒቱ ግን ከሁለት ሦስት ወቅት በኋላ እየደቀቀ አየሩን ያጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ጓሮ መደብ አውርዱትና በአዲስ ተኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የግላዲዮለስ ኮርም ከተነቀለ በኋላ እስከሚቀጥለው ተከላ እንዴት እንደሚቀመጥ ይዘን እንቀርባለን።